የተላጠው ጉርድ ፎቶ

እሺ… ድምፄ ይሰማል መሰለኝ። ሰላም ናችሁ ወዳጆቼ? የጎረቤት ዶሮ ዛሬም ከጮኸ አላቋርጥም፣ እወቁልኝ። ይሄን ክፍል ለመቅዳት ስሞክር ሦስተኛዬ ነው።

እህቴ ደወለችልኝ። የእንግሊዟ፣ ታውቋታላችሁ። የአካባቢ ምርጫ መርጣ ስትወጣ ነው የደወለችው። «ፎቶ ያለው መታወቂያ ካልያዝሽ አትመርጪም ይላሉ» አለችኝ። ድሮ እንግሊዝ ውስጥ ስምህንና አድራሻህን ከተናገርክ ይበቃ ነበር። ሕጉ እ.ኤ.አ. በ2022 ወጣ፣ በሜይ 2023 የአካባቢ ምርጫ ላይ ሥራ ጀመረ። የአረጋውያን የአውቶቡስ ካርድ ያስመርጣል፣ የወጣቶች የባቡር ካርድ አያስመርጥም። በዚያ ምርጫ 14,000 የሚሆን ሰው ጣቢያ ድረስ ሄዶ፣ መታወቂያ አጥቶ፣ ሳይመርጥ ቀርቷል። የምርጫ ኮሚሽናቸው ራሱ ቁጥሩ ሙሉ አይደለም ብሏል። በር ላይ ማስታወቂያውን አንብቦ የተመለሰውን ማን ይቆጥረዋል?

እሷ ስለ ሌላ ነገር ማውራት ጀመረች። እኔ ግን እማማ ትዝ አሉኝ። ስልኩን ዘጋሁት።

ሚያዝያ 2013 ነው። ለስድስተኛው ምርጫ መዝጋቢ ሆኜ የሠራሁ ጊዜ። ስለ አበሉና ስለ ድንኳኑ አውርቼላችኋለሁ። ስለ እማማ ግን ተናግሬ አላውቅም። ደሴ በልጉ ይዘንባል። ረመዳን ገብቷል፣ ሁዳዴም አልወጣም። ከተማው በሙሉ ጾመኛ ነበር። እንዲህ ሲገጥም ደስ ይለኛል። ማታ እኛ ቤት ሽሮ ሲንተከተክ፣ ከጎረቤት የሾርባ ሽታ ይመጣል፣ እናቴ ሳህን ይዛ ትሻገራለች…

እማማ ሰኞ ገበያ ጎመን የሚሸጡት ናቸው። ልጅ ሆኜ እናቴ ስትልከኝ ከእሳቸው ነው የምገዛው። ሁሌ አንድ ቅጠል ይጨምሩልኝ ነበር።

ተራቸው ደረሰ። የሻሻቸውን ጫፍ ፈትተው መታወቂያቸውን አወጡ። በፌስታል ጠቅልለውታል። ግን ውሃ ገብቶበታል። ፎቶው ከጥጉ ተልጦ፣ ፊቱ ነጥቷል። የቀረው የሻሻቸው ጠርዝና የማህተሙ ግማሽ ነው። ስሙ ይነበባል። ሌላው ሁሉ ይነበባል።

«እናት፣ ፎቶው አይታይም» አልኳቸው። እናት! እማማ አላልኳቸውም። እንደማላውቃቸው ሰው ነው የተናገርኩት። «አሳድሰው ይምጡ።»

ዝም ብለው አዩኝ። መሐረባቸው ላይ የጎመን ቅጠል ተለጥፎ ነበር። ከኋላቸው የቆመው ሰውዬ አፉን ከፈተ፣ ሊናገር፣ ሊመሰክርላቸው። እኔ ቀጥዬ «የሚቀጥለው» አልኩ። ቀድሜው።

እማማ ምን አሉኝ መሰላችሁ? «አብሽር ልጄ። አንተም ጾመኛ ነህ።»

ፌስታሉን መልሰው ጠቅልለው ሄዱ።

በነዋሪ ምስክር መመዝገብ ይቻል ነበር። ሥልጠና ላይ ተነግሮናል። ታዲያ ለምን? አንድ የፓርቲ ወኪል ጥጉ ላይ ተቀምጦ ደብተሩ ላይ ይጽፍ ነበር። ስለኔ የሚጽፍ መሰለኝ። «የሚያውቃቸውን ይመዘግባል» እንዳይባል ፈራሁ። ስለማውቃቸው ነው የመለስኳቸው። አይገርምም? እሳቸው ፊቴ ቆመው፣ እኔ ፎቶ ጠየቅኳቸው።

መታወቂያ አያስፈልግም እያልኩ አይደለም፣ እንዳትሳሳቱ። አንድ ሰው ሁለት ጣቢያ ከተመዘገበ የሌላውን ድምፅ በላ ማለት ነው። ማጣራት አለበት። ግን ደግሞ… ቆይ፣ ስለ ፎቶ ቤቱ ልንገራችሁ። ፒያሳ ወረድ ብሎ የነበረው። ሚስማር ላይ አንድ ጥቁር ኮት ተሰቅሎ ነበር፣ ለጉርድ ፎቶ። የሰፈራችን ወንድ በሙሉ መታወቂያው ላይ ያቺን ኮት ለብሷል። አባቴም፣ አጎቴም፣ ግንበኛውም። አጎቴን ትከሻው ላይ ትሰፋዋለች፣ ግንበኛውን ደረቱ ላይ ታንቀዋለች። ሰውን የምንለየው በዚያ ፎቶ ነበር።

አሁን ፋይዳ መጥቷል። 12 አሃዝ፣ የጣት አሻራ፣ የዓይን ብሌን። ጥሩ ነገር ነው፣ እኔም አለኝ። እናቴን ግን ማሽኑ ጣቷን አልቀበል ብሎ ደጋግማ አስነሳች። ዕድሜዋን ሙሉ አጥባበት፣ አመድ ዝቃበት፣ አሻራው አልቋል። በጨርቅ ጠራርገው፣ አርጥበው፣ በስንት መከራ አነሱላት። የእማማ ጣት ደግሞ ከሷም የባሰ ነው።

የቀበሌና የወረዳ ምርጫ እኮ ከ2005 ወዲህ አልተደረገም። ሲደረግ ሁሉም ሰው ሁሉንም የሚያውቅበት ምርጫ ነው። የቧንቧውን ነገር፣ የገበያውን ጭቃ የሚወስነውን ሰው የምትመርጥበት። እማማ በዚያ ጭቃ ላይ ስንት ዓመት ተቀመጡ። ለእሳቸው ካልሆነ ለማን…

አላውቅም። ምናልባት አሳድሰው ሌላ ቀን፣ እኔ በሌለሁበት ተመዝግበው ይሆናል። እንዲህ እያልኩ ነው የከረምኩት። ግን መዝገቡ ሲዘጋ ገልብጬ አይቻለሁ። ስማቸው የለም። «ተመለሱ» የሚልም የለም። የመለስነውን የምንጽፍበት ዓምድ አልነበረንማ።

ከዚያ 2014 መጣ። እሱን አላወራም፣ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ከሽሽት ስንመለስ ቦታቸው ላይ አንዲት ልጅ ድንች ትሸጣለች። «ልጃቸው ጋ ሐይቅ ሄዱ» አለችኝ።

ሐይቅ ከተማ ከደሴ ቅርብ ነው። ሚኒባስ ተሳፍሬ ለምሳ ደርሼ መመለስ እችላለሁ። ሁለቴ መናኸሪያ ድረስ ሄጃለሁ። አንድ ቀን እንዲያውም ገብቼ ተቀምጬ ነበር። ምን ብዬ ነው የምጀምረው? «እማማ፣ ያን ቀን…» ምናልባት ረስተውታል። ከረሱት ደግሞ እኔ…

ይኸው፣ ዶሮው።