ከእጃችን ይልቅ መሬታችን

ጤና ይስጥልኝ፣ የተከበራችሁ አድማጮች። የዛሬው ዝግጅቴ በር ሳያንኳኩ ወደ ግቢያችን ስለሚገቡት እንግዶች ነው፤ ስለ ወፎቹ፣ እንደየከተማውም ስለ ጦጣውና ስለ ጉሬዛው። የምኖረው አዲስ አበባ፣ ጥቂት ሣርና አንድ የወይራ ዛፍ ባለበት የኪራይ ግቢ ውስጥ ሲሆን፣ ጠዋት ጠዋት በረንዳ ላይ ቡናዬን እየጠጣሁ ስመለከት ቀስ በቀስ የገባኝ ነገር ቢኖር፣ እንስሳትን በመመገብ ረገድ ከእጃችን ይልቅ መሬታችን ለጋስ መሆኑ ነው።

ለዚህ ከሁሉ የተሻለች ምስክር ጋጋኖ ናት። ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ደጋማ አካባቢዎች በቀር በዓለም ላይ የትም የማትገኘው ይህች ወፍ፣ ለአዲስ አበባ ነዋሪ ግን ጎሕ ሲቀድ ከጣሪያ በላይ እየጮኸች እንቅልፍ የምትነሳ ጎረቤት ናት። ሣር ላይ ስታርፍ ጠባይዋ ይለወጣል። ዝናቡ ካባራ በኋላ ሦስት አራት ሆነው ይመጡና፣ ወደ ታች የቆለመመ ረጅም መንቆራቸውን እርጥብ አፈር ውስጥ እየሰኩና እየነቀሉ፣ አንድ እርምጃ ተራምደው እንደገና እየሰኩ፣ ግቢውን እንደ ፈታሽ ያዳርሱታል። ከመንቆሯ ሥር የተንጠለጠለችው ቀጭን ቆዳ በየእርምጃዋ ትወዛወዛለች፤ ትል ወይም የጥንዚዛ እጭ ያገኘች እንደሆነ ራሷን ቀና አድርጋ፣ ያገኘችውን በመንቆሯ ጫፍ ካገላበጠች በኋላ ወደ ጉሮሮዋ ትወረውረዋለች። ለእርሷ ዳቦ መቁረስ ምን ይረባታል? የምትሻው ሲሚንቶ ያልፈሰሰበትና ፀረ ተባይ ያልተረጨበት አፈር ነው።

ይህን ስል ጨርሶ አልመግብም ማለቴ አይደለም። እህል ሲበጠር የሚወጣውን ግርድ ለዋኔዎቹና ለድንቢጦቹ እበትናለሁ፤ ነገር ግን በአንድ ጊዜ ተለቅሞ የሚያልቀውን ያህል ብቻ ነው፤ ተከምሮ ያደረ እህል ይሻግታል፣ አይጥም ይጠራል። ጨው የነካው የማዕድ ትራፊ አይወጣም። ሥጋም እንዲሁ፤ የከተማችን ጭልፊት ከሰው እጅ ፌስታል ለመንጠቅ የእኔን ማደፋፈሪያ የሚጠብቅ አይመስለኝም። ከእህሉ ይልቅ የሚጠቅመው፣ ዝናቡ ካቆመበት ከጥቅምት ወር ጀምሮ የማስቀምጠው ውኃ ነው። ሳህኑ ከሁለት ጣት ያልበለጠ ጥልቀት ያለው ሲሆን፣ በየቀኑ ታጥቦ ውኃው ይቀየራል፤ ካልተቀየረ የወባ ትንኝ ባይሆን እንኳ ሌላ ትንኝ ያፈራል።

የአበባ ማር የምትመጠው፣ በተከዜ ወንዝ የተሰየመችው ትንሽ ወፍ (በእንግሊዝኛ Tacazze Sunbird) ደግሞ ከእኔ የምትጠብቀው እሬትና ራስ ክምር እንድተክል ብቻ ነው። ወንዱ ጥላ ውስጥ ሲቆም ጥቁር ይመስላል፤ ፀሐይ ሲያርፍበት ደረቱ ሐምራዊ፣ ራሱም አረንጓዴና ነሐስማ ሆኖ ያብረቀርቃል። ቀጭን መንቆሩን በብርቱካናማው የራስ ክምር አበባ ውስጥ ሲያስገባ የአበባው ብናኝ ግንባሩ ላይ ይቀራል፤ ወደሚቀጥለው አበባም ይዞት ይሄዳል። በስኳር ውኃ መመገብ የሚወዱ ሰዎች አሉ፤ እኔ ግን አበባው ያለ እኔ ድካም የሚሠራውን ሥራ በጠርሙስ ለመተካት ምክንያት አላገኘሁለትም።

ይበልጥ የሚያሳስበኝ የሐዋሳው ነገር ነው። በሐይቁ ዳር ባለው አሞራ ገደል በተባለው ቦታና በሆቴል ግቢዎች ውስጥ ለጉሬዛ ዳቦና ብስኩት የሚሰጥ ጎብኚ ብዙ ነው። ጉሬዛ ቅጠል በል ነው፤ ጨጓራው እንደ ከብት ጨጓራ የተከፋፈለ ሲሆን፣ በውስጡ ያሉት ረቂቅ ተሕዋስያን ቅጠሉን እያብላሉ ነው የሚመግቡት፤ ስለዚህ ስኳርና ዱቄት ሲበዛበት ይህ ሥርዓት ይዛባል። ጦጣው በበኩሉ ሙዝ ከሰው እጅ መቀበል ከለመደ ውሎ አድሮ መንጠቅ ይጀምራል፤ ያን ጊዜ በድንጋይ የሚባረረው እርሱ እንጂ ያስለመደው ሰው አይደለም። ልጅ ይዞ የሚሄድ ሰው፣ ጨዋታው የምግብ ሳይሆን የዓይን መሆኑን ለልጁ አስቀድሞ ቢነግረው መልካም ነው።

በእኛ ግቢ ደግሞ አከራዬ የቀረውን ሣር አንሥተው ሴራሚክ ሊያለብሱት አስበዋል። ጭቃውን መጥላታቸው ይገባኛል፤ ክረምቱን እኔም አውቀዋለሁ። ቢያንስ በወይራው ዙሪያ ያለውን እንዲተዉልኝ፣ የራስ ክምሩንም መደብ በራሴ ወጪ እንዳስተካክል ጠይቄአቸው፣ ከልጆቻቸው ጋር ተመካክረው መልስ ሊሰጡኝ ነግረውኛል።