መላ ምት ሳልይዝ ማረሚያ ቤት ብገባስ?

ጥያቄ (ከሐዋሳ)፦ የሁለተኛ ዲግሪ ማሟያ ጽሑፌን የምሠራው በገንዘብ ማጉደል የተፈረደባቸውን ታራሚዎች አነጋግሬ ነው። አማካሪዬ መላ ምት ሳትይዝ እንዳትሄድ አሉኝ። ግድ ነው?

መልስ፦ ግድ አይደለም። አማካሪዎ የለመዱት ከአጠቃላይ ወደ ዝርዝር የሚወርደውን መንገድ ይመስለኛል፤ ከንድፈ ሐሳብ መላ ምት ይወጣል፣ መላ ምቱ በመረጃ ይፈተናል። ለእርስዎ የሚቀርበው ግን ከዝርዝር ተነሥቶ ወደ አጠቃላይ የሚወጣው ነው፤ ግምቱ ከታራሚዎቹ ታሪክ ይገነባል፣ በየታሪኩም ይታረማል። አሜሪካዊው የወንጀል ጥናት ምሁር ዶናልድ ክሬሲ እ.ኤ.አ. በ1953 ያሳተመው ጥናት የእርስዎኑ ዓይነት ታራሚዎች የሚመለከት ነበር፤ በቅን ልቦና ኃላፊነት ተቀብለው ኋላ ያጎደሉ። መጀመሪያ ድርጊቱን እንደ ወንጀል አይቆጥሩትም ብሎ ገመተ። ታራሚዎቹ ሕገወጥነቱን አሳምረው እንደሚያውቁ ነገሩት፤ ግምቱን ጣለው። ቀጥሎ ድንገተኛ ችግር ገፋፍቷቸው ይሆናል አለ። ይህም አልቆመለትም፤ ቀደም ሲል የባሰ ችግር ደርሶባቸው ሳንቲም ያልነኩ ነበሩና። እንዲህ እያፈረሰ እየገነባ ሦስት ነገር ላይ ደረሰ፦ ለሰው የማይነገር የገንዘብ ችግር፣ ያንን በያዙት ኃላፊነት በስውር መፍታት እንደሚቻል ማወቅ፣ እንዲሁም «ተበደርኩ እንጂ አልሰረቅኩም» የሚል ራስን ማሳመኛ። ኦዲተሮች ዛሬ የማጭበርበር ሦስት ማዕዘን የሚሉት መነሻው ይኸው ነው። እንግዲህ ያለ መላ ምት ይግቡ፤ ግምትዎን የሚያፈርስ ታራሚ ሲገጥምዎ ግን «ይህ ለየት ያለ ነው» ብሎ ማለፍ የለም። ብዙ ተማሪ የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው።

ጥያቄ (ከደሴ)፦ መላ ምት በመረጃ ከተደገፈ ነገሩ አለቀ ማለት ነው?

መልስ፦ የለም። ቅጣት ከጥፋት ይገታል ከሚለው ንድፈ ሐሳብ በመነሣት በአሜሪካዋ ሚኒያፖሊስ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1981 እና በ1982 አንድ ሙከራ ተካሂዷል። ፖሊሶች ለቤት ውስጥ ጥቃት ሲጠሩ ተጠርጣሪውን ማሰር፣ ለስምንት ሰዓት ከቤት ማራቅ ወይም መምከር በዕጣ ይወሰን ነበር። በስድስት ወር ክትትል ጥቃቱን የደገሙት ከታሰሩት መካከል አነስተው ተገኙ። በሌሎች ከተሞች ሲደገም ውጤቱ ተለያየ፤ በሚልዋኪ እስር ሥራ አጥ በሆኑት ዘንድ ጥቃቱን አባባሰው።

ጥያቄ (በስልክ መልእክት)፦ ከአጠቃላይ ወደ ዝርዝር እና ከዝርዝር ወደ አጠቃላይ የሚሄዱትን ሁለቱን መንገዶች ቀላቅሎ መሥራት ይፈቀዳል?

መልስ፦ በደንብ። ከቃለ መጠይቅ ያገኙትን ግምት ግን በዚያው ቃለ መጠይቅ አረጋገጥኩ አይበሉ፤ ለመፈተኛው ሌሎች ሰዎች ያስፈልጋሉ።