«አትንኪው፤ ይሠራል»

እንዴት ናችሁ? ድምፄ ዝግ ካለባችሁ ጉንፋን አይደለም፤ እንቅልፍ አጥቼ ነው። ዝናቡም ቆርቆሮውን እየደበደበው ነው። ኮርኒሱ ገና አልተሠራም፤ የሰኔው ቀጠሮ እንዳለፈ ታውቃላችሁ።

ዛሬ የጉዞውን ሁለተኛ ክፍል ልነግራችሁ ቃል ገብቼ ነበር። ይቆየኝ። ከማክሰኞ ጀምሮ አንድ ነገር እየከነከነኝ ነው። እሱን ሳላወጣ ሌላ ወሬ አይመጣልኝም።

ልጅቷን ታውቋታላችሁ። እኛ ክፍል በቅርብ የገባችውን፣ «ጋሼ» የምትለኝን። ማክሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ቢሮ ገባሁ። እሷ ወንበሯ ላይ ነበረች። ነጠላዋን ደርባ፣ እጇን በሻይ ብርጭቆ እያሞቀች። ቀድማኝ የመጣች ነው የመሰለኝ። ስክሪኗ ላይ የኔ ስክሪፕት፣ ኮምፒውተሩ ተራ በተራ የሚፈጽማቸው ትእዛዞች ፋይል፣ ተከፍቷል፤ ከስምንት ዓመት በፊት የጻፍኩት፣ ደንበኞችን ከክፍያቸው ጋር የሚያገናኘው የወር መጨረሻው። ዞር አለችና፣ «ጋሼ፣ ይቺ የጥያቄ ምልክት ምን ማለት ናት?» አለችኝ። እኔ ስልኬን እያየሁ ነበር። «አትንኪው፤ ይሠራል» አልኳት። «እሺ» አለች።

በቃ፣ ይኸው ነው። ተጣላን አልልም። ድምፄን ከፍ አላደረግሁም። ግን ያ «እሺ» ጆሮዬ ላይ ቀርቷል።

ጥያቄዋ ምን እንደነበር ልንገራችሁ። ፓወርሼል ላይ፣ ኮምፒውተርን በጽሑፍ ትእዛዝ በሚያሠራው የማይክሮሶፍት መሣሪያ፣ የምትሠሩ ታውቁታላችሁ። «?» ማለት «ዌር-ኦብጀክት» ማለት ነው፤ ከዝርዝር ውስጥ የምትፈልገውን አጣርቶ የሚያወጣው። «%» ደግሞ «ፎርኢች-ኦብጀክት» ነው፤ እያንዳንዱ ላይ ይሄን አድርግ የሚለው። አሊያስ ናቸው፣ አጭር ስም። ሙሉውን ስትጽፈው ረጅም ነው፤ ምልክቷን ስትነካ አንድ ቁልፍ። እኔ ስጀምር በእነዚህ ምልክቶች ነው ፍቅር የያዘኝ። ስድስት መስመር የሚፈጀውን በአንድ መስመር ጨርሼ ስመለከተው ደስ ይለኝ ነበር። አሁንም ደስ ይለኛል፤ አልዋሽም።

ማሳጠር የፓወርሼል ፈጠራም አይደለም። ዩኒክስ በሚባለው የድሮ የኮምፒውተር ሥርዓት ላይ የነበሩት ሰዎች ቴሌታይፕ ላይ ነበር የሚሠሩት፤ ወረቀት ላይ በሚያትም ማሽን። ኤኤስአር-33 የሚባለው ማሽን በሰከንድ 10 ፊደል ነበር የሚያትመው። ለዚያ ዘመን ሰው የመዘርዘር፣ የመቅዳትና የማዛወር ትእዛዙ «ኤልኤስ»፣ «ሲፒ»፣ «ኤምቪ» ቢሆን ምን ይገርማል? እያንዳንዱ ፊደል የሚጠበቅ ነገር ነበር። እኛስ ብንሆን? «ወ/ሮ» እንላለን፣ «መ/ቤት» እንላለን፣ «ክ/ከተማ» እንላለን። የሰውን ስም እንኳ «ገ/መድኅን» ብለን እንቆርጠዋለን። ወረቀት ላይ ስናነበው ማንም አይቸገርም፤ ዓይናችን ራሱ ይሞላዋል። ማሽን ግን አይሞላም። አንዱ ፋይል ላይ «ገ/መድኅን»፣ ሌላው ላይ «ገብረመድህን» ካለ ሁለት ሰው ናቸው። ልጅቷ ቁጥር ያልተሞላላቸውን ደረሰኞች እንደዚህ በስም እያየች፣ አንድ በአንድ በእጇ ነው ያገናኘችው። ይሄንንም የሰማሁት በኋላ ነው።

የት ነበርኩ? አዎ፣ ስለ ማሳጠር። ፓወርሼልን ያመጣው ጄፍሪ ስኖቨር ነው። መጀመሪያ ስሙ «ሞናድ» ነበር፤ የመጀመሪያው እትም የወጣው እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2006 ነው። በጣም የምወድለት ነገር አለ። ትእዛዞቹ ግስና ስም ናቸው። «ጌት-ሰርቪስ»፣ «ስቶፕ-ፕሮሰስ»። ኮድ የማያውቅ ሰው ቢያነበው እንኳ የሆነ ነገር ይገባዋል። አጭሮቹ ስሞች የተቀመጡት ተርሚናል ላይ፣ ትእዛዝ የሚጻፍበት መስኮት ላይ፣ ቁጭ ብለህ በእጅህ ለምትጽፈው ነው። ፋይል ውስጥ ስታስቀምጠው፣ ሌላ ሰው የሚያነበው ከሆነ፣ ሙሉውን ጻፍ ነው ምክሩ። ማይክሮሶፍት ራሱ ነው እንደዚያ የሚመክረው። ስክሪፕት የሚፈትሸው መሣሪያቸውም አሊያስ ሲያይ ያስጠነቅቅሃል። ይሄን አውቃለሁ። ለሌላ ሰው ስንቴ አስተምሬዋለሁ!

ያቺ «ሶርት» ያሳበደችን ሳምንት ትዝ ትላችኋለች? ክፍል አሥራ ምናምን ላይ አውርቻታለሁ። ዊንዶውስ ላይ «ሶርት» ብለህ ስትጽፍ «ሶርት-ኦብጀክት» ነው የሚገባው፤ ዕቃዎችን በቅደም ተከተል የሚደረድረው። ሊኑክስ በሚባለው ሌላ ሥርዓት ላይ ያ አሊያስ የለም። ስለዚህ የሊኑክስ የራሱ «ሶርት» ይነሣና ሌላ ሥራ ይሠራል፤ ዕቃውን ወደ ጽሑፍ ቀይሮ መስመር ይደረድርልሃል። ስህተት አላለም፣ ቀይ ጽሑፍ አላሳየም። ዝም ብሎ ሌላ ነገር ሠራ። ያኔ «ከእንግዲህ አሊያስ ፋይል ውስጥ አላስገባም» ብዬ ነበር። አዲሶቹን ሙሉ ነው የምጽፋቸው። የድሮዎቹን ግን ተመልሼ አላየኋቸውም።

ወደ ማክሰኞ ልመለስ። ምሳ ሰዓት ላይ ስወጣ በር ላይ ያሉት ዘበኛ፣ «ልጅቷ እኮ እዚሁ ነው ያደረችው» አሉኝ። «የቷ ልጅ?» አልኳቸው። ነገሩኝ። ብርድ ልብስ እንኳ ከእሳቸው ክፍል ልስጥሽ ብለዋት፣ አይ ነጠላ አለኝ ብላቸው።

ተመልሼ ሎጉን፣ የሥራው ሰዓት የሚመዘገብበትን ፋይል፣ ከፈትኩት። የተጀመረው ከምሽቱ 2 ሰዓት። ያለቀው ከሌሊቱ 9 ሰዓት። ሰባት ሰዓት ሙሉ። ስክሪፕቱ ሁልጊዜ ሌሊት በራሱ ነበር የሚሄደው፣ ስለዚህ ስንት እንደሚፈጅ አይቼው አላውቅም። ጠዋት ስገባ ውጤቱ ተቀምጦ አገኘዋለሁ። ሰኞ ግን የክፍያው ፋይል ዘግይቶ መጣ፤ በእጅ ማስነሳት ነበረባት። ከራሷ ላፕቶፕ ነው ያስነሳችው። ዘግታው ብትሄድ ይቆማል። ስለዚህ ቁጭ አለች።

መጀመሪያ ጥፋተኛው ሌላ መሰለኝ። «+=» የሚለውን ነው የጠረጠርኩት። ፓወርሼል ውስጥ አሬይ፣ ዝርዝር የሚቀመጥበት፣ ስፋቱ አንዴ ከተወሰነ አያድግም። በ«+=» አንድ ነገር ስትጨምርበት አዲስ አሬይ ይሠራል፣ የድሮውን በሙሉ ይገለብጣል፣ አንዷን ይጨምራል። በሚቀጥለውም እንደዚያው። 40,000 ደንበኛ አንድ በአንድ ስትጨምር ወደ 800 ሚሊዮን ጊዜ ቅጂ ማለት ነው። እሱ ነው ብዬ በ«ሜዠር-ኮማንድ» ለካሁት። ደቂቃዎች ነው የወሰደው። መጥፎ ነው፣ ግን ሰባት ሰዓት አይደለም።

ያቺ የጥያቄ ምልክት ናት። እሷ የጠየቀችኝ። «%» ደንበኞቹን አንድ በአንድ ያነሳል። ከዚያ ለእያንዳንዱ ደንበኛ «?» የክፍያውን ዝርዝር ከላይ እስከ ታች ያነባል። ተገኘ ብሎ እንኳ አያቆምም፣ እስከ መጨረሻው ይሄዳል። ስጽፈው 800 ደንበኛና 500 ክፍያ ነበር፤ 400,000 ጊዜ ማየት ነው፣ አሥር ሰከንድ ቢፈጅ ነው። አሁን 40,000 ደንበኛና 25,000 ክፍያ አለ። አንድ ቢሊዮን። ዝርዝሮቹ ሃምሳ ሃምሳ እጥፍ አደጉ፣ ሥራው 2,500 እጥፍ ሆነ። አሥር ሰከንድን በ2,500 አባዙት። ከሰባት ሰዓት ብዙም አይርቅም።

መስመሯ ግን ያው አጭር ናት። እዚያው ነው ያለችው። ስታያት ምንም አትመስልም።

ደግሞ ፕሮግረስ ባር ነበረው፤ ሥራው የት እንደደረሰ የሚያሳይ መስመር። እኔ ነኝ ያስገባሁት፣ የሚጠብቅ ሰው እንዳይሰለቸው ብዬ። አሮጌው የፓወርሼል እትም፣ 5.1 ላይ ነው የምንሠራው። እዚያ ላይ ያ መስመር ራሱ ጊዜ ይበላል። ኢንተርኔት ላይ ፋይል ስታወርድ ባሩን ብታጠፋው ማውረዱ እንዴት እንደሚፈጥን ያየ ያውቀዋል። እሷ ሌሊቱን ያንን አረንጓዴ መስመር እያየች ነበር። መስመሩ ደግሞ እያዘገየ…

ቆይ ውኃ ልጠጣ።

እሺ። ረቡዕ ዕለት ፎልደሩን ስከፍት ሁለተኛ ፋይል አገኘሁ። የኔን አልነካችውም። «አትንኪው» ብያለኋ! አጠገቡ የራሷን አስቀመጠች፣ ስሙ ላይ 2 ቁጥር ጨምራ። ከፈትኩት። ክፍያዎቹን መጀመሪያ ሃሽቴብል ውስጥ፣ በቁጥር የሚጠየቅ ማውጫ ውስጥ፣ ትከታቸዋለች፣ አንዴ ብቻ። ከዚያ እያንዳንዱን ደንበኛ በደረሰኝ ቁጥሩ ትጠይቃለች፣ መልሱ ወዲያው ይመጣል። ዝርዝር ማንበብ የለም። አስነሳሁት። ደቂቃ ሳይሞላ አለቀ። ድጋሚ አስነሳሁት። ውጤቱን ከኔው ጋር አስተያየሁት፤ አንድም ልዩነት የለውም።

ትእዛዞቹን በሙሉ ስማቸው ነው የጻፈቻቸው። አንዲት ምልክት የለችም። ከእያንዳንዱ ክፍል በላይ በአማርኛ ኮሜንት፣ ማሽኑ የሚያልፈው ማስታወሻ፣ አለ፣ «እዚህ ጋ ክፍያዎቹን በደረሰኝ ቁጥር እናስቀምጣለን» እያለ። «እናስቀምጣለን» ነው የሚለው፣ «አስቀምጣለሁ» አይደለም። ከሥር ደግሞ የኔን መስመር ኮሜንት አድርጋ ትታዋለች፣ ከላይዋ «የድሮው መንገድ» ብላ። ለምን አልሰረዘችውም? አክብራኝ ነው? ወይስ የሚቀጥለው ሰው አይቶ እንዲማርበት? እኔ እንጃ። አንዱን ሳስብ ደስ ይለኛል፣ ሌላውን ሳስብ አንጀቴን ይበላኛል።

አንዳንዴ ደግሞ እንዲህ እላለሁ፤ ቆይ፣ እኔ ሲጀመር አስተማሪዋ አይደለሁም። ያን ጠዋት ሥራ በዝቶብኝ ነበር። ደግሞ ማታውኑ ደውላ «አልሄድ አለኝ» ልትለኝ ትችል ነበር… አይ። ይሄን ትናንት ማታ ሳስበው ልክ መስሎኝ ነበር። አሁን ጮክ ብዬ ስለው ልክ አይደለም። ደውላ ምን ትላለች? አልተበላሸም እኮ። እየሠራ ነበር። ቀስ ብሎ።

ያን ጠዋት ቀና ብዬ ባየኋት ምን እንደምል አስባለሁ። ዓይኗ ቀልቶ ነበር? አላየሁም። «ዌር-ኦብጀክት ናት፤ ነይ ላሳይሽ» ማለት ስንት ሰከንድ ይፈጃል? ሦስት? አራት? እሷ እኮ ሰባት ሰዓት ጠብቃ፣ ጠዋት ላይ የጠየቀችኝ አንድ ምልክት ብቻ ነው። አደርኩ አላለችኝም። ሰለቸኝ አላለችኝም። ምን ማለት ናት ነው ያለችኝ።

ትናንት ሻይ ላይ ልነግራት ነበር። ብድግ ብዬ ጠረጴዛዋ ድረስ ሄጃለሁ። ቀና አለችና «አቤት ጋሼ» አለችኝ። «ጥሩ ነው የሠራሽው» አልኩ። «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አለች፣ ፈገግ ብላ። ከዚያ ሰው መጣ። ማለት የፈለግሁት እሱን አልነበረም።

አሁን ብነግራትስ ምን ያደርግላታል? ምልክቷን ታውቃታለች። ከኔ በላይ ነው የምታውቃት።

የሚቀጥለው ወር መጨረሻ ደግሞ ሐሙስ ይውላል። የሷን ነው የማስኬደው። ያቺን «የድሮው መንገድ» የምትለዋን መስመር ልሰርዛት ሁለት ጊዜ ፋይሉን ከፍቼ ዘግቻለሁ። የሷ ፋይል ነዋ! እኔ ልንካው? ወይስ እሷን ጠይቄ… እማዬ እየደወለች ነው። ቆዩኝማ፣ ይሄን ላንሳው።