ከአዌቱ እስከ ቱርካና ደሴቶች

የተከበራችሁ የግብርና ባለሙያዎች፣ መምህራንና ተማሪዎች፣ የጅማና የአካባቢዋ ነዋሪዎች፤ እንደምን ዋላችሁ።

ስለ ደሴት ፓርክ ጅማ ላይ መነጋገር እንግዳ ሊመስል ይችላል። ውኃውን እንከተለው። የአዌቱ ወንዝ ከተማዋን አቋርጦ ቦዬ ረግረግ ይገባል፤ ከቦዬ ወደ ግልገል ጊቤ ወንዝ ይወርዳል። የግልገል ጊቤ ውኃ ግድቡ ላይ ከተጠራቀመ በኋላ በ26 ኪሎ ሜትር ዋሻ አልፎ ኦሞን ይቀላቀላል፤ ኦሞ ደግሞ ጉዞውን የሚጨርሰው በአብዛኛው ኬንያ ውስጥ ባለው ቱርካና ሐይቅ ነው። ሐይቁ መውጫ የለውም። ከሚገባለት ውኃ ከ80 በመቶ በላይ የሚሆነው ከኦሞ የሚመጣ ሲሆን፣ ትነት በዓመት ከ2 ሜትር በላይ ይወስድበታል።

ሐይቁ ውስጥ ማዕከላዊ ደሴትና ደቡብ ደሴት የተባሉ ሁለት ብሔራዊ ፓርኮች አሉ። ማዕከላዊ ደሴት በምሥራቅ ዳርቻ ካለው ሲቢሎይ ብሔራዊ ፓርክ ጋር በ1997፣ ደቡብ ደሴት በ2001 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዘገቡ፤ በ2018 ሦስቱም አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ተርታ ገቡ። (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ማዕከላዊ ደሴት 5 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነች እሳተ ገሞራ ናት። በውስጧ ሦስት ሐይቆች አሉ፤ የናይል አዞም ይራባባታል።

ብዙ ሰው የሚጠይቀው ስለ ውኃው መጠን ነው። በእኔ ግምት ግን መጠኑ ሁለተኛ ጥያቄ ነው፤ ዋናው ውኃው የሚደርስበት ወቅት ነው። ቢልጫን የመሰሉ ዓሦች እንቁላል ለመጣል ወደ ኦሞ የሚወጡት የክረምቱ ጎርፍ ሲገፋ ነው። ቆሮሶ የተባለው ዓሣ በበኩሉ የሚራባው ጥልቀት በሌለው ዳርቻ፣ ጎርፉ አዲስ ሣር ባጥለቀለቀበት ቦታ ነው። ጎርፉ ካልመጣ ወይም ቶሎ ከሸሸ ጫጩቶቹ መደበቂያም ምግብም ያጣሉ። አዞ ደግሞ እንቁላሉን ከውኃው ጠርዝ ከፍ ባለ አሸዋ ይቀብራል፤ ለመፈልፈል ሦስት ወር ያህል ይፈልጋል። በዚያ መሃል ውኃው ካለ ወቅቱ ቢጨምር ሽሉ ታፍኖ ይሞታል።

ኦሞ ላይ የተሠራው የጊቤ 3 ግድብ የሚይዘው ውኃ 14.7 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ይደርሳል። ተርባይን ዓመቱን ሙሉ እኩል ውኃ ይወዳል፤ ይህ ለመብራት መልካም ነው፣ ለዓሣው ግን ክረምትና በጋውን ያመሳስልበታል። በግድቡ የአካባቢ ጥናት ላይ የታሰበው ሰው ሠራሽ ጎርፍ 10 ቀን የሚቆይ ነበር። የተፈጥሮው ጎርፍ ሳምንታትን ይዘልቃል፤ 10 ቀን እንቁላል ያስጥል እንደሆነ እንጂ ጫጩት አያሳድግም። የሚለቀቀው ውኃ ቀስ ብሎ ወጥቶ፣ ለሳምንታት ቆይቶ፣ ቀስ ብሎ መውረድ አለበት። ድንገት የተዘጋ በር ጫጩቱን ኩሬ ውስጥ ያስቀረዋል።

ከጅማ ምን ይጠበቃል? እዚህ ላይ ማጋነን አልፈልግም። የቡና ማጠቢያ ጣቢያዎች ዝቃጭ ቱርካና አይደርስም። የሚገድለው እዚሁ፣ የምንጮቻችንን ሕይወት ነው፤ የሚለቀቀው ወንዙ በሚቀንስበት የለቀማ ወቅት ስለሆነ ኦክስጅኑን አሟጦ ይጨርሰዋል። አፈራችንም ደሴቶቹ ድረስ አይሄድም፤ ግድብ ውስጥ ይቀራል። ጉዳቱም ይኸው ነው። ደለል የሞላው ግድብ ውኃ አቆይቶ በወቅቱ የሚለቅበት ቦታ አይኖረውም።

አፈራችንን ለማስቀረት የሚሆን መሣሪያ በእጃችን አለ። ቬቲቨር የተባለው ሥረ ጥልቅ ሣር በ1970ዎቹ መጀመሪያ አገራችን የገባው በጅማ የእርሻ ምርምር ማዕከል በኩል ነው። በኤ ፍሬም (የ“A” ፊደል ቅርጽ ባለው የእንጨት መለኪያ) የኮንቱር መስመሩን፣ ማለትም በእኩል ከፍታ የሚሄደውን መስመር አውጡ፤ በአንዱ መስመርና በቀጣዩ መካከል ያለው የከፍታ ልዩነት ከ1 እስከ 2 ሜትር ይሁን። ከጉቶው ሁለት ሦስት ግንድ እየገነጠላችሁ፣ በ10 እና በ15 ሴንቲ ሜትር መካከል እያራራቃችሁ ዝናቡ እንደጀመረ ትከሉ። ነሐሴ ላይ የተተከለ ሥር ሳይሰድ በጋ ይደርስበታል። በመጀመሪያው ዓመት ከብት አታስገቡ። ከሁሉ በላይ የሚያበላሸው ክፍተት ነው፤ አንድ ክንድ የምታህል ባዶ ቦታ የመስመሩን ውኃ ሁሉ ሰብስባ ከታች ቦረቦር ትቆፍራለች። ስለዚህ በሁለተኛው ክረምት መግቢያ የደረቀውን እየተካችሁ መስመሩን ድፈኑ፤ የመተኪያውን ችግኝም ከአሁኑ በየቀበሌው ጣቢያ ለይታችሁ አስቀምጡ።

አመሰግናለሁ።