የጉዳት ካሳ ክርክር ፍርድ ቤት ከመድረሱ በፊት

በልደታ ክፍለ ከተማ ለነዋሪዎች የተደረገ ንግግር

የተከበራችሁ የአካባቢያችን ነዋሪዎች፣ እናቶችና አባቶች፣ የዕድር ዳኞችና ወጣቶች፤ የሥራ ሰዓታችሁን ሠውታችሁ ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ።

ዛሬ የምናገረው በመኪና አደጋ አካሉ የተጎዳ ሰው፣ ወይም ቤተሰቡ፣ ካሳውን እንዴት ሊጠይቅ እንደሚገባው ነው። በጥብቅና ሥራዬ ከሁሉ በላይ የሚያሳዝነኝ ሕጉ ከጎኑ ቆሞለት ሳለ ማስረጃ በማጣቱ ወይም ሳያውቅ በፈረመው ወረቀት ምክንያት ባዶ እጁን የሚመለስ ሰው ነው። እንዲህ ያለው ጉዳይ የሚበላሸው እዚሁ ልደታ ችሎት ፊት ከመቅረቡ ብዙ ቀደም ብሎ፣ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት፣ በሆስፒታል አልጋና በትራፊክ ፖሊስ ጠረጴዛ ዙሪያ ነው። ስለዚህ ከችሎቱ ይልቅ ስለነዚያ ሳምንታት አብዝቼ እናገራለሁ።

አስቀድሜ ሕጉ ምን እንደሚል ላስረዳ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር 2081 የመኪና ባለቤት መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ መሆኑን ይደነግጋል። ሲነዳ የነበረው ሌላ ሰው ቢሆን፣ ያውም ለመንዳት ያልተፈቀደለት ሰው ቢሆን እንኳ፣ ባለቤቱ መኪናው በዚያን ጊዜ ተሰርቆበት እንደነበር ካላስረዳ በቀር ከኃላፊነት አይድንም። ጥፋት የለብኝም ማለቱም አይበቃውም፤ ኃላፊነቱ የሚቀርለት ወይም የሚቀነስለት ጉዳቱ በሙሉ ወይም በከፊል በተጎጂው ጥፋት የደረሰ ሲሆን ነው። ይህን አጥብቄ የምናገረው ብዙ ሰዎች «እኔም ዜብራ ላይ አልነበርኩም» እያሉ ገና ሳይጠይቁ መብታቸውን ስለሚተዉ ነው። የሁለቱን ወገን ጥፋት የሚመዝነው ዳኛው ነውና ተጎጂው በራሱ ላይ አስቀድሞ አይፍረድ።

ሌላም ተስፋ የሚያስቆርጥ ነገር አለ። ሾፌሩ በወንጀል ተከሶ በነጻ ሲሰናበት ቤተሰብ «ነገሩ አበቃ» ብሎ ይቀመጣል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2149 ግን የወንጀል ችሎቱ የሰጠው የነጻ መልቀቅ ውሳኔ የካሳውን ጉዳይ የሚያየውን ዳኛ እንደማያስገድደው በግልጽ ያስቀምጣል። የባለቤቱ ኃላፊነት በጥፋት ላይ ብቻ የተመሠረተ ስላልሆነ ሾፌሩ በነጻ ቢለቀቅም ካሳው ሊጠየቅ ይችላል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። አደጋው በደረሰ በጥቂት ቀናት ውስጥ የሾፌሩ ወገኖች ሽማግሌ ይዘው፣ ብርቱካንና ጁስ ጨምረው፣ ጥቂት ገንዘብ በፖስታ አድርገው ሆስፒታል ይመጣሉ። «ለልጆቹ ስትሉ፣ እሱም የሰው ልጅ ነው፣ ከታሰረ ቤቱ ይበተናል» ይላሉ። ብዙ ጊዜ እውነታቸውን ነው፤ እርቅም የአገራችን ታላቅ ሀብት ነውና ማንም ይቅር አይበል ልላችሁ አልመጣሁም። ነገር ግን በዚያው ሰዓት አንድ ወረቀት ይወጣል፤ በወረቀቱም መጨረሻ ላይ «ከእንግዲህ በዚህ አደጋ ምክንያት ምንም ዓይነት የካሳ ጥያቄ የለኝም» የሚል መስመር ይገኛል። ሕጉ በቁጥር 3312 የእርቅ ስምምነትን በተስማሚዎቹ መካከል ይግባኝ እንደሌለው የመጨረሻ ፍርድ ይቆጥረዋል። ያን ቀን እግሩ ውስጥ ብረት የገባለት ሰው አጥንቱ በደንብ ይግጠም ወይም አይግጠም፣ ቁስሉ ያመርቅዝ ወይም አያመርቅዝ፣ ብረቱን ለማውጣት እንደገና ይከፈት ወይም አይከፈት ሐኪሙም ገና አያውቅም። መጠኑ ያልታወቀን ጉዳት በአንድ ፖስታ መዝጋት ለማንም አይበጅም።

ስለዚህ ይቅር ማለት የፈለገ ሰው ይቅርታውን የወንጀሉን ጉዳይ ብቻ በሚመለከት ወረቀት ይጻፍ፤ በዚያው ወረቀት ላይም የካሳ መብቱ የተጠበቀ መሆኑን ያስጽፍ። ገንዘብ ከተቀበለም «ለሕክምና መርጃ በቅድሚያ የተከፈለ፣ ወደፊት ከሚወሰነው ካሳ የሚታሰብ» ተብሎ ይጻፍ። የሕመም ማስታገሻ ወስዶ የተኛ ሰው ምንም ነገር እንዲፈርም መደረግ የለበትም። የዕድር ዳኞች በሽምግልናው ስለምትገኙ ይህን አደራ በተለይ ለእናንተ እሰጣለሁ።

ወደ ማስረጃው ልለፍ። ፖሊስ የአደጋውን ፕላን ያነሳል፤ ቤተሰብም የመዝገቡን ቁጥር፣ የመኪናውን ታርጋ፣ የሾፌሩንና የባለቤቱን ስም እንዲሁም የሦስተኛ ወገን መድን፣ ማለትም መኪናው በሌላ ሰው ላይ ለሚያደርሰው ጉዳት የሚገባውን ዋስትና፣ የሰጠውን ድርጅት መዝግቦ ይያዝ። በሜክሲኮ ወይም በለገሃር አካባቢ አደጋ ሲደርስ ያዩ ሰዎች አይጠፉም፤ ሊስትሮው፣ የሱቅ ዘበኛው፣ የታክሲ ተራ አስከባሪው አሉ። ስማቸውና ስልካቸው በዚያው ሳምንት ካልተያዘ ግን ከዓመት በኋላ አይገኙም። በአቅራቢያው ካሜራ ያለው ሕንፃ ካለ ቀረጻው በላዩ ላይ ሌላ ተቀድቶበት ከመጥፋቱ በፊት ፖሊስ እንዲወስደው ወዲያውኑ በጽሑፍ ጠይቁ።

ሕክምናን በተመለከተ የመጀመሪያው ቀን ካርድ፣ የሪፈር ወረቀቱና የራጅ ውጤቱ ሁሉ ይቀመጥ። ሕክምናው ሲያበቃ ደግሞ የሕክምና ቦርድ ዘላቂ የአካል ጉዳቱን በመቶኛ ገልጾ የሚሰጠው ማስረጃ ያስፈልጋል፤ ወደፊት የሚቀረው ገቢ የሚሰላው በአብዛኛው በዚያ ቁጥር ላይ ተመሥርቶ ነው።

ስለ ደረሰኝ አንድ ያየሁትን ልንገራችሁ። አንዲት እናት የልጃቸውን የመድኃኒት ደረሰኞች አንድም ሳይጥሉ በፌስታል ቋጥረው አምጥተውልኝ ነበር። አንድ በአንድ ስንዘረጋቸው ግማሾቹ ባዶ ነጭ ወረቀት ሆነው ተገኙ። የሽያጭ መመዝገቢያ ማሽን የሚያትምበት ወረቀት ሲቆይ ጽሑፉ ይለቃል፤ ፌስታሉም መደርደሪያ ላይ ነበር የከረመው። ያወጡት ገንዘብ እውነት ነበር፣ ጥንቃቄያቸውም እውነት ነበር፣ ግን ለችሎት የሚቀርብ ፊደል አልቀረም። እባካችሁ ደረሰኙን በተቀበላችሁበት ቀን ፎቶ ኮፒ አድርጉት ወይም በስልካችሁ አንሱት። ለኮንትራት ታክሲ የወጣውም ቀኑ፣ መነሻና መድረሻው፣ ሂሳቡም በደብተር ይጻፍ።

ደመወዝተኛ ገቢውን በመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ ያስረዳል። ጉሊት የምትቸረችር፣ እንጀራ ጋግራ የምትሸጥ፣ በቀን ሥራ የሚያድር ሰውስ? የእቁብ ደብተር በየሳምንቱ ምን ያህል ትጥል እንደነበር ያሳያል፤ የባንክ ሂሳብ መግለጫ፣ ዕቃ የሚያስረክባት ነጋዴ፣ አብረዋት የሚሠሩ ሴቶች ምስክር ይሆናሉ። ጉዳቱን በትክክል ማስላት ባይቻል እንኳ ቁጥር 2102 ዳኛው በርትዕ፣ ማለትም ፍትሐዊ በመሰለው ግምት፣ እንዲወስን ሥልጣን ይሰጠዋል፤ ርትዑም የሚያርፍበት አንዳች መሠረት ይፈልጋል። ሰው የሞተ እንደሆነም የትዳር ጓደኛው፣ ወላጆቹና ልጆቹ መተዳደሪያ የመጠየቅ መብት አላቸው።

ለኅሊና ጉዳት፣ ማለትም ለሐዘንና ለመንፈስ ስቃይ፣ የሚከፈለው ካሳ ግን በቁጥር 2116 ከ1,000 ብር እንዳይበልጥ ተወስኗል። ገንዘቡ ሕጉ በወጣበት ዘመን ምን ይገዛ እንደነበር እናንተም ትገምታላችሁ፤ ዛሬ ልጁን ላጣ አባት ይህን ቁጥር መንገር ያሳፍረኛል፣ ሊሻሻል እንደሚገባውም በጽኑ አምናለሁ።

የመድንን ነገር በአጭሩ ልጥቀስ። በ2005 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 799 ማንኛውም ተሽከርካሪ የሦስተኛ ወገን መድን እንዲኖረው ያስገድዳል፤ የሕክምና ተቋማትም ለተጎጂው አስቸኳይ ሕክምና እንዲሰጡ ያዛል። መኪናው ገጭቶ ካመለጠና ማንነቱ ካልታወቀ ወይም መድን ከሌለው ጥያቄው ለእንዲህ ያሉ ተጎጂዎች በአዋጁ ለተቋቋመው የመድን ፈንድ ይቀርባል፤ ለዚህም የፖሊስ ማስረጃ ግድ ነው። መድን ሰጪው የሚከፍለው እስከተወሰነ ጣሪያ ድረስ ነው። ከዚያ በላይ ያለው የባለቤቱ ዕዳ ስለሆነ የመድን ድርጅቱ የሰጠውን ቼክ የካሳው ሁሉ ፍጻሜ አድርጋችሁ አትቁጠሩት፤ ቼኩን ስትቀበሉም የምትፈርሙትን ወረቀት አንብቡ።

ጊዜው ሁለት ዓመት ነው። ቁጥር 2143 ካሳ ጠያቂው ጉዳቱ ከደረሰበት ጊዜ ጀምሮ በሁለት ዓመት ውስጥ ክስ እንዲያቀርብ ይጠይቃል። ድርጊቱ ወንጀል ሆኖ የወንጀል ሕጉ የረዘመ ጊዜ ካስቀመጠ በዚያ መጠቀም ይቻላል፤ እኔ ግን ለማንም ሰው ሁለት ዓመቱን የመጨረሻ ቀነ ገደቡ አድርጎ እንዲነሳ እመክራለሁ። ከመድን ድርጅት ጋር ደብዳቤ መለዋወጥ፣ «ዛሬ ነገ» በሚል ተስፋ መመላለስ የጊዜውን ቆጠራ ያቆመዋል ብላችሁ አትመኑ።

በ2013 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1234 መሠረት የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት እስከ 10 ሚሊዮን ብር የሚደርስ የፍትሐ ብሔር ክርክር ያያል፤ ስለዚህ የአብዛኞቻችሁ ጉዳይ የሚጀመረው እዚያ ነው። የዳኝነት ገንዘብ መክፈል የማይችል ሰው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ከቁጥር 467 ጀምሮ በደሃ ደንብ ለመክሰስ እንዲያመለክት ይፈቅድለታል። ሴቶች ደግሞ የኢትዮጵያ ሴቶች ሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ነጻ የሕግ ድጋፍ እንደሚሰጥ እወቁ።

ክስ ስትመሠርቱ ባለቤቱ መኪናውን ሸጦ እንዳይሰወር ስጋት ካላችሁ፣ ስጋቱን የሚያሳይ ማስረጃ አያይዛችሁ ፍርድ ቤቱ ንብረቱን እንዲያስከብር ወይም ስም እንዳይዛወር እንዲያግድ አመልክቱ። ፍርዱ ከተሰጠ በኋላ ባለዕዳው በፈቃዱ ካልከፈለ የአፈጻጸም መዝገብ ይከፈታል፤ ለዚህ የተሰጠው ጊዜ 10 ዓመት ስለሆነ፣ ባለዕዳው ዛሬ ምንም የሌለው ቢመስል እንኳ የፍርዱን ግልባጭ አስወጥታችሁ አስቀምጡ፤ ንብረት ባፈራ ጊዜ ያንኑ ግልባጭ ይዛችሁ ማስፈጸም ትችላላችሁ።