በ ሲገለበጥ ሀ ነው

ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ ብቻዬን ነኝ። ድምፄ ከጎረነነ ይቅርታ፣ አርብ ማታ ነው፤ አንደኛ ክፍል የሚያስተምር ሰው አርብ ማታ ድምፅ የለውም።

ስለ ፒንተረስት ላወራችሁ ነው። ለማታውቁት፣ የወደዳችሁትን ፎቶ ‹ፒን› እያደረጋችሁ በየቦርዱ የምታስቀምጡበት ነው። ሌላው ሰው የሠርግ ዲኮርና የሹሩባ ዓይነት ይፈልግበታል፣ እኛ አስተማሪዎች ደግሞ የክፍል ግድግዳ።

እኔ ከ1,000 በላይ ፒን ነበረኝ። ‹ንባብ›፣ ‹ሒሳብ›፣ ‹የክፍል ማስዋቢያ› ብዬ በሥርዓት ከፋፍዬ። እሁድ ማታ ሶፋ ላይ ተጋድሜ አንድ በአንድ ሳስቀምጥ ሥራ የሠራሁ ይመስለኛል። ሰኞ ጠዋት ግን ባዶ እጄን ክፍል እገባለሁ፤ ምክንያቱም ያ ሁሉ የሚያምር ነገር ላሚኔተር ይፈልጋል፣ ከለር ፕሪንተር ይፈልጋል፣ አንዱን ነካ ስታደርጉት ደግሞ ቲቸርስ ፔይ ቲቸርስ ወደሚባለው፣ በፈረንጆቹ 2006 አንድ የኒውዮርክ አስተማሪ ወደመሠረተው የመምህራን ገበያ ይወስዳችኋል፣ ዋጋው በዶላር። ወቅቱም የኛ አይደለም። መስከረም ላይ ደጃችን በአደይ ቢጫ ሲሆን፣ እዚያ የረገፈ ብርቱካንማ ቅጠል ነው። አንዴማ የበረዶ ሰውዬ ሠርቼ ለጠፍኩ። አንዷ ልጅ ቀርባ አየችና "ቲቸር፣ ይሄ ጥጥ ነው?" አለችኝ። ጥጥ ነበር። ምን ልበላት?

አምና ክረምት ቦርዶቹን በሙሉ አፈረስኳቸው። አሁን የምከፋፍለው በትምህርት ዓይነት ሳይሆን እጄ ላይ ባለው ዕቃ ነው፦ ‹ካርቶን›፣ ‹ባቄላና ጠጠር›፣ ‹ቆርኪ›፣ ‹ጠመኔ ብቻ›። ‹ጠመኔ ብቻ› ትንሿ ቦርዴ ናት፣ ግን ደጋግሜ የምከፍተው እሷን ነው። ማታ ደክሞኝ "ቤት ውስጥ ምን አለ?" ብዬ ነው የምጀምረው፣ ልክ ወጥ እንደሚሠራ ሰው።

የቆርኪዋን ግን መናገር አለብኝ። ፒኑ ላይ ፈረንጆቹ በየቆርኪው አንድ አንድ ፊደል ጽፈው ልጆች ቃል ይመሠርታሉ። ቀላል። ሰፈራችን ካለው ግሮሰሪ ቆርኪ መሰብሰብ ጀመርኩ (በየማታው መጠጥ ቤት የምትሄድ አስተማሪ ተብዬ ነበር፣ እሱን ሌላ ቀን)። ከዚያ ቁጭ ብዬ ሳስበው የእንግሊዝኛው 26 ነው፣ የእኛ 33 በ7፣ 231! ያውም ዲቃሎቹን ሳትቆጥሩ። ስለዚህ በሳምንት ሁለት ዘር ብቻ አልኩ። ደግሞ እኮ ደስ ይላል፣ ‹ሰላም› ለማለት 3 ቆርኪ ይበቃል።

ሦስተኛው ቀን ላይ ሁለት ልጆች ተጣሉ። አንዱ "ሀ ነው" ይላል፣ ፊት ለፊቱ የተቀመጠው "በ ነው" ይላል፣ ሊቧቀሱ ነው። ሄጄ አየሁ። ሁለቱም ልክ ናቸው! ቆርኪው ክብ ነው፣ ላይና ታች የለውም፤ ‹በ› ሲገለበጥ ‹ሀ› ነው። ቤት ገብቼ የቀሩትን ሳገላብጥ ‹ጠ›ም ‹ሠ› ሆና አገኘኋት። ስንት ዓመት ፊደል ሳስተምር አንድም ቀን ልብ ብዬው አላውቅም። በማግስቱ ከእያንዳንዱ ፊደል ሥር በቀይ ማርከር መስመር አሰመርኩ፣ መስመሩ ወደ ሆዳችሁ ይሁን አልኳቸው፣ ጠቡ ቆመ።

ይህን ፒን ላይ ማንም አይነግራችሁም፣ ምክንያቱም ያስቀመጡት ሰዎች ‹በ›ን አያውቋትም። ስለዚህ ባለፈው ሳምንት የራሴን ቆርኪዎች ከነቀይ መስመራቸው ፎቶ አንስቼ፣ ከሥሩ በአማርኛ አብራርቼ ለቀቅኩት። እስካሁን 3 ሰው አስቀምጦታል። አንዷ እህቴ ናት።