ከጋራዥ የወጣ መኪና ኩላንት ሲያፈስ

(ምስል፦ ማለዳ፣ አዳማ። ግቢ ውስጥ የቆመ ቪትዝ። ከሞተሩ ሥር የተዘረጋ ካርቶን ላይ ሮዝ እርጥበት ይታያል።)

ይህ መኪና ትናንት ውሃ ፓምፕ ተቀይሮለት ነው ከጋራዥ የወጣው። ማታ ግቢ ሲገባ ምንም አልነበረበትም። ጠዋት ግን ካርቶኑ ላይ መዳፍ የሚያህል የኩላንት (ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው ፈሳሽ) እርጥበት አለ። አብዛኛው ሰው እዚህ ላይ ኮፈኑን ከፍቶ ውሃ ይሞላና ይነዳል። ማታም ይሞላል፣ በነጋታውም ይሞላል። ሳምንት ሳይሞላው ቴስታታ (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ለጥገና ይወርዳል።

ከጥገና በኋላ የሚመጣ ፍሳሽ አብዛኛውን ጊዜ የተነካው ቦታ ላይ ነው ያለው። ስለዚህ ሌላ ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት የሚፈስበትን ቦታ በዓይናችሁ እዩ።

ወደዚያ ከመሄዳችን በፊት ግን አዳማ ላይ ትንሽ ፍሳሽ ለምን ትልቅ ጉዳይ እንደሚሆን እንመልከት።

(ምስል፦ የራዲያተር ክዳን በቅርበት። ላዩ ላይ የተጻፈው ቁጥር ይታያል።)

ውሃ በባሕር ጠለል ላይ በ100 ዲግሪ ይፈላል። አዳማ ከባሕር ጠለል ከ1,600 ሜትር በላይ ከፍ ብላ ስለምትገኝ እዚህ ክዳን በሌለው ድስት የተጣደ ውሃ 94 ወይም 95 ዲግሪ ላይ ይፈላል። አዲስ አበባ ላይ ደግሞ 92 አካባቢ ሲደርስ ይፈላል። ጤነኛ ሞተር የሚሠራው ከ85 እስከ 95 ዲግሪ ባለው ሙቀት ነው። እንግዲህ አስቡት፦ ግፊት ባይኖር ኖሮ ሞተሩ ምንም ችግር ሳይኖርበት፣ በደንቡ እየሠራ ሳለ፣ ውሃው ይፈላ ነበር። ይህን የሚከለክለው ክዳኑ ነው። ላዩ ላይ 0.9 ወይም 1.1 የሚል ቁጥር ታያላችሁ፤ በባር የሚለካ ግፊት ነው። ያ ግፊት ሲያዝ የመፍያው ሙቀት ከ110 ዲግሪ በላይ ይወጣል።

ስለዚህ እንደ ፀጉር በቀጠነ ስንጥቅ የሚወጣ ፍሳሽ ከውሃው በፊት ግፊቱን ነው የሚወስደው። የውሃው መጠን ገና ሳይጎድል ቴስታታው አካባቢ መፍላት ይጀምራል፤ እንፋሎት ደግሞ ብረቱን እንደ ውሃ አያቀዘቅዝም። «ሞልቼው ነበር እኮ፣ ለምን ሞቀ?» የሚለው ጥያቄ መልሱ ይኸው ነው።

ውሃውም ቢሆን ቀላል አይደለም። 20 ጠብታ 1 ሚሊ ሊትር ገደማ ይሆናል። በየሰከንዱ አንድ ጠብታ ቢወርድ በሰዓት 180 ሚሊ ሊትር ነው፤ በአምስት ሰዓት ተኩል አንድ ሊትር። የትንሽ መኪና ጠቅላላ ይዘት ከ4 እስከ 6 ሊትር ብቻ ነው።

ከተማ ውስጥ ያልታየ ፍሳሽ ዳገት ላይ ራሱን ያወጣል። ከአዳማ አዲስ አበባ ሲኬድ 700 ሜትር ያህል ወደ ላይ ይወጣል፤ በአሰላ በኩል ደግሞ ከዚያም ይበልጣል። ሞተሩ በጭነት ሲሠራ ሙቀቱም ግፊቱም ይጨምራል፤ የላላ ማኒኮቶ (ውሃውን የሚያመላልሰው የጎማ ቱቦ) የሚለቀው ያን ጊዜ ነው።

መንገድ ላይ የሙቀት መለኪያው (ጌጁ) መውጣት ከጀመረ ኤሲ ዝጉ፣ ሂተሩን ሙቅ ላይ አድርጋችሁ በሙሉ ኃይል ክፈቱ፣ ዳር ያዙ። እንፋሎት ካያችሁ ወይም ጌጁ ቀዩ ላይ ከደረሰ ሞተሩን ወዲያው አጥፉ። ክዳኑን ቢያንስ ለ45 ደቂቃ አትንኩ፤ ውስጡ ያለው ውሃ ግፊቱ በለቀቀ ቅጽበት ፈልቶ ፊት ላይ ይረጫል። በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ማፍሰስም ቴስታታ ይሰነጥቃል።

(ምስል፦ ባትሪ መብራት የያዘ እጅ፣ ከማኒኮቶው ጫፍ ሥር ነጭ ደረቅ ቅሪት።)

አሁን ፍለጋው። ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ይቀዝቅዝ፤ ሌሊት ያደረ ቢሆን ጥሩ ነው። ጋራዡ ሲሠራ የተደፋ ኩላንት በየቦታው ስለሚቀር መጀመሪያ አካባቢውን በውሃና በጨርቅ አጽድታችሁ አድርቁት። አለዚያ የትናንቱን እርጥበት የዛሬ ፍሳሽ ብላችሁ ትሳሳታላችሁ። ከዚያ ንጹሕ ካርቶን ከሥር ዘርጉና ጠብታው የወደቀበትን ቦታ ምልክት አድርጉ። በቀጥታ ከላዩ ያለው ግን ላይሆን ይችላል፤ ኩላንት በብረት ጠርዝ እየተንሸራተተ ርቆ ይወርዳል። ሁልጊዜ ከሁሉም በላይ ያለውን እርጥብ ቦታ ፈልጉ።

ከሥር የተገኘ ጠብታ ሁሉ ኩላንት አይደለም። ኤሲ ሲሠራ ቆይቶ የሚንጠባጠበው ንጹሕ ውሃ ነው፤ ቀለም የለውም፣ ጣት ላይ አያሟልጭም። ኩላንት ያሟልጫል፣ ጣፋጭ ሽታ አለው፣ ሲደርቅ ነጭ ወይም ሮዝ ቅሪት ይተዋል። በምላስ መቅመስ ፈጽሞ አይገባም፤ ኤትሊን ግላይኮል መርዝ ነው። ጣዕሙ ጣፋጭ ስለሆነ ሕፃንና ውሻ ይስባል፤ ያፈሰሳችሁትን በዕቃ ተቀብላችሁ ክደኑት።

ጥሩ ጋራዥ የግፊት መሞከሪያ አለው። የእጅ ፓምፕ ነው፤ በክዳኑ ቦታ ይገጠማል። ክዳኑ ላይ እስከተጻፈው ቁጥር ብቻ ይነፋና 15 ደቂቃ ይጠበቃል። መርፌው ከወረደ ፍሳሽ አለ፤ ሞተሩ ቀዝቃዛ ስለሆነ ደግሞ እጅ ሳይቃጠል ቦታው ይፈለጋል። መሞከሪያ ከሌለ መኪናውን አሙቁት፣ አጥፉት፣ ከዚያ ባሉት 10 ደቂቃዎች ውስጥ በመብራት ፈትሹ። ሞተር ሲጠፋ ዝውውሩ ስለሚቆም ሙቀቱ ለትንሽ ጊዜ ይጨምራል፤ ድብቅ ፍሳሽ የሚወጣበት ጊዜ ነው።

የጊዜው ነገር ራሱ ብዙ ይናገራል። ጠዋት ብቻ የሚያፈስና ሲሞቅ የሚያቆም ከሆነ ፋሼታ (ማኒኮቶውን የሚያስረው ቀለበት) ጠርጥሩ፤ ጎማውም ብረቱም ሌሊት ሲቀዘቅዙ ይሸበሸባሉና ክፍተት ይፈጠራል። ሲሞቅ ብቻ የሚያፈስ ከሆነ ግን ጓርኒሲዮን (በሁለት ብረት መካከል የሚገባ ማሸጊያ)፣ የራዲያተር ፕላስቲክ ወይም ስንጥቅ ነው።

(ምስል፦ ሁለት ፋሼታዎች ጎን ለጎን፤ አንዱ ስፕሪንግ፣ አንዱ በካቻቢቴ የሚጠብቅ።)

ፋሼታ ርካሽ ዕቃ ስለሆነ ማንም ልብ አይለውም፤ ከጥገና በኋላ ከሚፈስባቸው ቦታዎች ግን ቀዳሚው ነው። የማኒኮቶ መግቢያው ጫፍ ላይ ከፍ ያለ ክብ ጉብታ አለ። ፋሼታው ከጉብታው አልፎ፣ ከማኒኮቶው ጫፍ ትንሽ ገባ ብሎ መቀመጥ አለበት። ጉብታው ላይ ከታሰረ ይንሸራተታል። ከመጠን በላይ ከጠበቀ ጎማውን ይቆርጠዋል፤ የፕላስቲክ መግቢያ ከሆነም ይሰነጥቀዋል። በፋሼታው ቀዳዳዎች ውስጥ ጎማው አብጦ ከወጣ ከልክ አልፏል። ፋብሪካው የገጠመው ስፕሪንግ ፋሼታ ካለ አትጣሉት፤ ማኒኮቶው ሲያብጥና ሲሸበሸብ አብሮት ይሰፋል፣ ይጠብባል። በሽቦ የታሰረ ማኒኮቶ ካያችሁ ዛሬውኑ አስቀይሩት። አዲስ ማኒኮቶ ዝገት በበላው መግቢያ ላይ ከገባም አይዝም፤ መግቢያው በብርጭቆ ወረቀት መጽዳት አለበት።

ሁለተኛው ሲልኮን (ከቱቦ የሚወጣ ማሸጊያ ቅባት) ነው። እዚህ ላይ አጥብቀን እንናገራለን፤ ምክንያቱም ብዙ ሞተር ያበላሸው «በደንብ ይለቅለቅ» የሚለው ልማድ ነው። ፓምፑ ሲገጠም ወደ ውጭ የተጨመቀውን ሲልኮን እናያለን፤ ያንኑ ያህል ወደ ውስጥም ተጨምቋል። ውስጥ ያለው ተቆርሶ ከውሃው ጋር ይዞርና የራዲያተርን ወይም የሂተርን ቀጫጭን ቱቦ ይደፍናል። የወረቀት ወይም የጎማ ጓርኒሲዮን ያለው ፓምፕ፣ አምራቹ ካላዘዘ በቀር፣ ሲልኮን አያስፈልገውም። ጓርኒሲዮኑ በሲልኮን ብቻ የሚሠራ ከሆነ ሁለት ወይም ሦስት ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው አንድ ያልተቋረጠ መስመር ይበቃል፤ መስመሩ በቡሎኑ ቀዳዳ ውስጠኛ ጎን ያልፋል። ከሁሉ በፊት ግን የድሮው ጓርኒሲዮን ብረቱ ሳይቧጨር ተፍቆ ይነሣና ቦታው ከዘይትና ከውሃ ይደርቃል። ሲልኮኑ እስኪደርቅ ቱቦው ላይ የተጻፈው ሰዓት ይጠበቃል፤ ብዙዎቹ ለሙሉ ጥንካሬ 24 ሰዓት ይላሉ። በግማሽ ሰዓት ውሃ ከተሞላበት ያ ሥራ ገና ሲጀመር ተበላሽቷል።

ቡሎኖቹም በተራ ዙሪያውን ሳይሆን ተቃራኒ ተቃራኒውን፣ በሁለትና ሦስት ዙር ይጠብቃሉ። የ10 ቁልፍ የሚገባበት ትንሽ ቡሎን የሚፈልገው ኃይል 10 ኒውተን ሜትር አካባቢ ነው። በረጅም ቁልፍ በሙሉ ጉልበት የሚያጠብቅ ሰው የአሉሚኒየሙን ጥርስ ይበላዋል።

ፓምፑ አካል ላይ ትንሽ ቀዳዳ አለ። ከእሷ የሚንጠባጠብ ከሆነ የፓምፑ ውስጠኛ ማሸጊያ አልቋል፤ አዲስ የተባለው ዕቃ ያገለገለ ወይም ጥራት የሌለው ሊሆን ይችላል። ያችን ቀዳዳ በሲልኮን የሚደፍን ሰው ካያችሁ አስቁሙት። መውጫ ያጣው ኩላንት ወደ ኩሽኔታው (ዘንጉን ይዞ የሚያሽከረክረው) ይገባና ፓምፑ ነክሶ መዞር ያቆማል፤ ፓምፑን የሚያዞረው ቀበቶ፣ ቺንጋውም፣ ሊበጠስ ይችላል።

(ምስል፦ ቴርሞስታት፤ ትንሿ የአየር ማሳለፊያ ወደ ላይ።)

«አዳማ ሞቃት ነው፣ ቴርሞስታት አያስፈልግም» የሚለውን ምክር አትቀበሉ። ብዙ ሞተር ላይ ቴርሞስታቱ ሁለት ሥራ አለው፦ ሲሞቅ ወደ ራዲያተር የሚወስደውን ይከፍታል፣ በዚያው ቅጽበት ደግሞ ውሃው ራዲያተርን ሳይነካ የሚመለስበትን አቋራጭ ይዘጋል። ቴርሞስታቱ ወጥቶ ሲጣል አቋራጩ ክፍት ይቀራል። የተወሰነው ውሃ ሳይቀዘቅዝ ስለሚመለስ ዳገት ላይ ሞተሩ ይብሱን ይሞቃል፤ ቁልቁለት ላይ ደግሞ ከልክ በላይ ቀዝቅዞ ነዳጅ ይበላል። ሲገጠም ስፕሪንጉ ወደ ሞተሩ፣ የአየር ማሳለፊያዋ ወደ ላይ ይሁን። የጎማ ቀለበቱ ከተጣመመ ከዚያው ያፈሳል።

ክዳኑም ትክክለኛ ቁጥር ያለው ይሁን። ግፊት ይቀንሳል ተብሎ ላልቶ የተተወ ክዳን፣ ቅድም እንዳየነው፣ ውሃውን ማፍላት ነው። መስታወት ውስጡን ጭጋግ ከያዘና ከጋቢናው በተሳፋሪው በኩል ምንጣፉ ከራሰ ፍሳሹ የሂተሩ ራዲያተር ላይ ነው።

ከውጭ ምንም ሳይታይ ውሃ የሚጎድል ከሆነ ግን ተጠንቀቁ። ከቀዝቃዛ ተነሥቶ በአንድ ደቂቃ ውስጥ የላይኛው ማኒኮቶ እንደ ድንጋይ ከጠነከረ፣ ራዲያተሩ ውስጥ አረፋ ሳያቋርጥ ከወጣ፣ ጭሱ ነጭና ጣፋጭ ሽታ ያለው ከሆነ፣ ወይም ዘይቱ እንደ ወተት ከሆነ የቴስታታ ጓርኒሲዮን ተቃጥሎ ሊሆን ይችላል። ከተቃጠለ ጓርኒሲዮኑን ብቻ መቀየር አይበቃም። ቴስታታው ቶርኖ ቤት ሄዶ ቀጥ ያለ መሆኑ ይለካል፤ ብዙ የአሉሚኒየም ቴስታታ የሚፈቅደው ጉብጠት 0.05 ሚሊ ሜትር ነው፣ ከተራ የጽሕፈት ወረቀት ውፍረት ያነሰ። ቡሎኖቹ ከመሐል ወደ ዳር፣ ደረጃ በደረጃ፣ ኃይል በሚለካ ቁልፍ ይጠብቃሉ። ፍሳሽ ይደፍናል የሚባል ዱቄት ወይም እንቁላል አትጨምሩ፤ ከቀዳዳው በፊት የሂተሩን ቱቦ ይደፍናል።

(ምስል፦ ኩላንት በማንቆርቆሪያ ቀስ እያለ ሲሞላ።)

ሲሞላ ግማሽ ኩላንት፣ ግማሽ ዲስቲልድ (ተንኖ የተጣራ) ውሃ። ገበያ ላይ ውሃ ተቀላቅሎበት የሚሸጥም ስላለ ጀሪካኑን አንብቡ፤ በዚያ ላይ ሌላ ውሃ አይጨመርም። ለባትሪ የሚሸጠው አሲድ ከዲስቲልድ ውሃ ጋር እንዳይምታታባችሁ። አዳማ ውሃ በረዶ ስለማይሆን ኩላንት አያስፈልግም የሚል አለ፤ ኩላንት ግን ዝገትን ይከላከላል፣ መፍያውንም ከፍ ያደርጋል። የጉድጓድና የቧንቧ ውሃ ቅርፊት ይሠራል።

የመኪናው አፍንጫ ከፍ ይበል፣ ሂተሩ ሙቅ ላይ ይሁን። ቀስ ብላችሁ ሙሉ፣ ማኒኮቶዎቹን በእጅ ጨምቁ። ክዳኑን ሳትገጥሙ ሞተሩን አስነሡ። ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ባለው ጊዜ ቴርሞስታቱ ሲከፈት የላይኛው ማኒኮቶ ይግላል፣ የራዲያተሩ ውሃም ወረድ ይላል፤ ጨምሩ። አረፋው ሲያቆም ክዳኑን ግጠሙ፤ ቬንትሌተሩ (የራዲያተሩ ማራገቢያ) ሁለት ጊዜ እስኪነሣና እስኪቆም ጠብቁ። የሂተሩ ነፋስ ቀዝቃዛ ከሆነ ውስጥ አየር ቀርቷል። የገባውን ሊትር ቁጠሩ፤ 5 ሊትር የሚይዝ ሆኖ 3 ብቻ ከገባ የቀረው ቦታ በአየር ተይዟል፣ ወይም የድሮው ውሃ በሙሉ አልወጣም።

ወደ ጋራዡ ስትመለሱ ጠብታውን በስልክ ቀርጻችሁ፣ ሞተሩ ቀዝቅዞ እያለ ሂዱ። «ወንድሜ፣ ትናንት በተሠራው ላይ እርጥበት አለ፤ በግፊት እንፈትሸውና አብረን እንየው» ብላችሁ ጀምሩ። ወርዶ የነበረውን አሮጌ ዕቃ ጠይቁ። ሌላ ዕቃ ግዙ ከተባላችሁ የሚፈስበትን ቦታ በጣቱ እንዲያሳያችሁ አድርጉ፤ ካላሳየ አትግዙ።

(ምስል፦ የረዳት ታንኩ ላይ በእስክሪብቶ የተሰመረ መስመር።)

ከተስተካከለ በኋላ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ በረዳት ታንኩ (ከራዲያተሩ ጋር በቱቦ የተያያዘው የፕላስቲክ ዕቃ) ላይ የውሃውን ከፍታ አስምሩ። ሦስት ጠዋት ተከታትላችሁ ካርቶኑንም መስመሩንም እዩ። በመጀመሪያው ጠዋት ትንሽ ቢወርድ የቀረው አየር ወጥቶ ሊሆን ይችላል፤ እስከ መስመሩ ሙሉት። በሁለተኛውና በሦስተኛው ከወረደ አሁንም ይፈስሳል። መስመሩ ካልተነቃነቀ ውሃ ይዛችሁ፣ በቀን፣ ወደ አሰላ በሚወስደው መንገድ ጥቂት ኪሎ ሜትር ዳገት ውጡና ጌጁ ከተለመደው ቦታ ንቅንቅ አለማለቱን አረጋግጡ።